ድሬድ ስኮት፤ ዜጋ አይደለህም የተባለው ሰው

ለአንድ ሰው ጠመንጃ የመያዝን መብት የሚሰጠው ምንድን ነው? ሰው ሆኖ መፈጠሩ ነው ወይስ ያገሩ ዜጋ መሆኑ? በሰው አገር በሕግ ገብቶ፣ ሠርቶና ግብር ከፍሎ የሚኖር እንግዳስ ቤቱንና ልጆቹን የሚጠብቅበት መሣሪያ ሊኖረው ይገባል ወይስ አይገባም? ይህ ጥያቄ የሕግ ተማሪዎች ብቻ የሚከራከሩበት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በአሜሪካ የጥያቄውን ሥር ፈልጎ ወደ ኋላ የሚሄድ ሰው መንገዱ ላይ አንድ ጥቁር ባሪያ ያገኛል። ይህ ባሪያ ጠመንጃ አንሥቶ አልሸፈተም፤ ጠመንጃ ይፈቀድልኝ ብሎም አልተከራከረም። የጠየቀው ነጻነቱን ብቻ ነበር። ፍርድ ቤቱ ግን ፊቱን ሲያዞርበት ካቀረባቸው ምክንያቶች አንዱ፣ ይህ ሰው ዜጋ ነው ከተባለ ወገኖቹ ሁሉ መሣሪያ ሊይዙ ነው የሚል ነበር። ስሙ ድሬድ ስኮት ይባላል። የሕይወቱ ታሪክ ከዚህ የሚከተለው ነው፤ ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ድሬድ ስኮት በቨርጂኒያ ግዛት ሳውዝሃምፕተን በምትባል አውራጃ በ1799 ገደማ ተወለደ። የባሪያን ልደት መዝግቦ የሚያኖር ስላልነበረ ዓመቱ የሚነገረው በግምት ነው። ጌታው ፒተር ብሎው የሚባል ገበሬ ነበር። ብሎው በ1818 ቤተሰቡንና ባሪያዎቹን ይዞ ወደ አላባማ ሄደ፤ እርሻው ስላልሆነለት በ1830 ወደ ሚዙሪ ግዛት ተሻግሮ በሴንት ሉዊስ ከተማ የእንግዳ ማረፊያ ቤት ከፈተ። ስኮትም ከዕቃው ጋራ አብሮ ተጓዘ። የብሎው ልጆች ከስኮት ጋራ በአንድ ግቢ አድገዋል፤ ይህን አንባቢ በልቡ ይያዘው፤ ኋላ እንመለስበታለንና።

ስኮት ሴንት ሉዊስ በገባ በዓመቱ፣ በ1831፣ በተወለደባት በሳውዝሃምፕተን ናት ተርነር የሚባል ባሪያ ዐመፅ አስነሣ። ከሃምሳ በላይ ነጮች ተገደሉ፤ በበቀሉም ብዙ ጥቁሮች በግፍ ዐለቁ። በማግሥቱ ዓመት የቨርጂኒያ ሸንጎ አዲስ ሕግ አወጣ። ከዚያ በፊት ነጻ የወጣ ጥቁር ከፍርድ ቤት ፈቃድ ካገኘ ጠመንጃ ለመያዝ ይችል ነበር፤ ከ1832 ወዲህ ግን ፈቃድ የሚባለው ነገር ቀረና ፈጽሞ ተከለከለ። በሚዙሪም ነጻ ጥቁር ያለ ዳኛ ፈቃድ ጠመንጃም ሆነ ባሩድ ለመያዝ አይፈቀድለትም ነበር። ልብ እንበል፤ የተከለከለው ባሪያ ብቻ አይደለም። ነጻ ሆኖ፣ በላቡ እየኖረ፣ ወንጀል ሳይሠራ የሚገኘውም ሰው ነው። በተወለደበት አገር እንደ እንግዳ ተቈጠረ ማለት ነው።

በ1832 ፒተር ብሎው ሞተ። ስኮትም ዶክተር ጆን ኤመርሰን ለሚባል የጦር ሠራዊት ሐኪም ተሸጠ። ሐኪሙ በ1833 በኢሊኖይ ወደሚገኘው የአርምስትሮንግ ምሽግ ሲመደብ ስኮትን ይዞት ሄደ። ኢሊኖይ ባርነት የተከለከለበት ግዛት ነው። በ1836 ደግሞ ወደ ሰሜን፣ ዛሬ ሚኔሶታ ወደሚባለው አገር፣ ወደ ስኔሊንግ ምሽግ ወሰደው። እዚያም በ1820 የአሜሪካ ምክር ቤት ባወጣው ሕግ ባርነት ክልክል ነበር። እንግዲህ በሕጉ ቃል ከሄድን ስኮት ለብዙ ዓመታት የኖረው ባሪያ ሊገኝበት በማይገባ ምድር ላይ ነው። ነገር ግን ሕጉ በወረቀት ላይ ነበረ፤ ስኮት ደግሞ በጌታው ቤት ውስጥ።

በስኔሊንግ ምሽግ ሳለ ሐሪየት ሮቢንሰን ከምትባል ወጣት ጋራ ተጋባ። ጋብቻውን የፈጸመላቸው የሐሪየት ጌታ የነበረው ሎውረንስ ታሊያፌሮ የሚባል የመንግሥት ሹም ነው። የባሪያ ጋብቻ በሕግ ፊት ዋጋ በሌለው ዘመን እነዚህ ሁለቱ በዳኛ ፊት ቆመው ተጋቡ። የመጀመሪያ ልጃቸው ኤሊዛ በ1838 በሚሲሲፒ ወንዝ ላይ በሚጓዝ መርከብ ውስጥ ተወለደች። መርከቡ በዚያች ሰዓት ከሚዙሪ ድንበር በስተሰሜን ስለነበረ ሕፃኗ የተወለደችው በነጻ ምድር መካከል ነበር፤ ነገር ግን እንደ እናትና አባቷ ባሪያ ተባለች።

በ1840 ቤተሰቡ ወደ ሴንት ሉዊስ ተመለሰ። በ1843 ዶክተር ኤመርሰን ሲሞት ባልቴቲቱ አይሪን ባልና ሚስቱን ለሌሎች ሰዎች እያከራየች ደመወዛቸውን ትወስድ ጀመር። ስኮት ገንዘብ ከፍሎ ራሱንና ቤተሰቡን ነጻ ለማውጣት ጠየቃት፤ እንቢ አለችው። በዚህ ጊዜ ነው ወደ ፍርድ ቤት የሄደው። ሚያዝያ 6 ቀን 1846 ድሬድና ሐሪየት በሴንት ሉዊስ ፍርድ ቤት ክሳቸውን አቀረቡ። ስኮት መጻፍ ስለማይችል በስሙ ቦታ የመስቀል ምልክት አደረገ። ኋላ አገር ያናወጠው ነገር የተጀመረው በዚህ ምልክት ነው።

ክሱ ተስፋ የሌለው አልነበረም። የሚዙሪ ፍርድ ቤቶች ራሳቸው፣ ጌታው ወደ ነጻ አገር ወስዶ ያኖረው ባሪያ ነጻ ነው እያሉ ለዓመታት ፈርደው ነበር። ስኮት በ1847 በምስክር ጉድለት ተረታ። በ1850 ነገሩ እንደገና ታይቶ ጁሪ የሚባለው ዐሥራ ሁለት ሰዎች ያሉበት ሸንጎ ነጻ ነው ብሎ ፈረደለት። ባልቴቲቱ ይግባኝ አለች። በ1852 የሚዙሪ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የገዛ ራሱን የቆየ ልማድ ሽሮ ስኮት ባሪያ ነው አለ። ሕጉ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የሰዎቹ ልብ ነው። በሰሜንና በደቡብ መካከል የነበረው ጠብ እየከረረ ስለሄደ ዳኞቹም ከወገናቸው ጋራ ተሰለፉ።

ከዚህ በኋላ ስኮት ወደ ፌዴራል ፍርድ ቤት ሄደ። አብረውት ያደጉት የብሎው ልጆችም በወጪው ይረዱት ነበር። ባሪያው የኔ ነው የሚለው የባልቴቲቱ ወንድም ጆን ሳንፎርድ የኒው ዮርክ ነዋሪ ነበር። እንዲህ ያለው ክስ በፌዴራል ፍርድ ቤት የሚሰማው የአንዱ ግዛት ዜጋ የሌላውን ግዛት ዜጋ ሲከስ ነው። ስለዚህ ስኮት ባሪያ ነው ወይስ ነጻ ከሚለው ጥያቄ በፊት ሌላ ጥያቄ በሩ ላይ ቆመ፤ ይህ ሰው ዜጋ ነውን?

መጋቢት 6 ቀን 1857 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰባት ለሁለት በሆነ ድምፅ ፈረደ። ዋናውን የፍርድ ሐተታ የጻፈው የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ሮጀር ቶኒ ነው፤ ሰማንያ ዓመት ሊሞላው የቀሩት ዐሥራ አንድ ቀኖች ነበሩ። ቶኒ ከአፍሪካ በባርነት የመጡ ሰዎችና ዘራቸው፣ ነጻ የወጡት እንኳ ሳይቀሩ፣ በሕገ መንግሥቱ ትርጕም ዜጎች አይደሉም፣ ሊሆኑም አይችሉም አለ። የ1820ውን የምክር ቤት ሕግም ምክር ቤቱ ሥልጣን አልነበረውም ብሎ አፈረሰው።

ለዛሬው ነገራችን የሚያስፈልገው ግን ቶኒ ወደዚህ የደረሰበት መንገድ ነው። ጥቁሮች ዜጎች ናቸው ካልን ምን ይከተላል ብሎ ጠየቀና ዘርዝሮ ቈጠረ። ያለ ይለፍ ወረቀት ከግዛት ወደ ግዛት ይዘዋወራሉ፤ ባሰኛቸው ቦታ ይቀመጣሉ፤ በአደባባይና በግል እንደ ልባቸው ይናገራሉ፤ ስለ መንግሥት ጉዳይ ስብሰባ ያደርጋሉ፤ በሄዱበት ሁሉም መሣሪያ ይይዛሉ። ይህ ሁሉ ለደቡብ ግዛቶች አደጋ ስለሆነ ሕገ መንግሥቱን የጻፉት ሰዎች እነዚህን ዜጎች ሊሏቸው አስበዋል ማለት አይቻልም ብሎ ደመደመ። የነገሩን አካሄድ እንመርምር። ቀና አካሄድ ሰውየው ማን እንደሆነ አስቀድሞ ጠይቆ መብቱን ከዚያ ማውጣት ነው። ቶኒ ግን ከጠመንጃው ተነሥቶ ወደ ሰውየው መጣ። መብቱን ስለ ፈራ የመብቱን ባለቤት ከዜግነት አወጣው። ከተቃወሙት ሁለት ዳኞች አንዱ ቤንጃሚን ከርቲስ፣ ሕገ መንግሥቱ በጸደቀበት ዘመን በአምስት ግዛቶች ነጻ ጥቁሮች ድምፅ ይሰጡ እንደነበር በማስረጃ አሳየ። የሰማው ግን አልነበረም።

ከፍርዱ በኋላ አንድ የሚያስገርም ነገር ተገለጠ። ባልቴቲቱ አይሪን ከማሳቹሴትስ የተመረጠ የባርነት ተቃዋሚ የምክር ቤት አባል አግብታ ኖሯል። ሰውየው እፍረት ላይ ስለ ወደቀ የስኮት ቤተሰብ ለቴይለር ብሎው፣ ለቀድሞው ጌታ ልጅ፣ ተላለፈ፤ እሱም ግንቦት 26 ቀን 1857 ድሬድን፣ ሐሪየትንና ሁለቱን ልጆቻቸውን ነጻ አወጣቸው። ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ፍርድ ቤት የከለከለውን ነጻነት አብሮ አደግ በአንድ ቀን ሰጠ።

ነገር ግን ምን ዓይነት ነጻነት ነበር? በሚዙሪ ሕግ ነጻ ጥቁር በግዛቱ ውስጥ ለመኖር የመኖሪያ ፈቃድ ያስፈልገው ነበር። ጠመንጃ ቢያምረው ሌላ ፈቃድ ያሻዋል። ስኮት ሥልሳ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው በገዛ አገሩ የመኖሪያ ፈቃድ የሚያወጣ መጻተኛ ሆነ። በሴንት ሉዊስ በአንድ ሆቴል ተሸካሚ ሆኖ ሠራ፤ ሐሪየትም ልብስ ታጥብ ነበር። መስከረም 17 ቀን 1858 በሳንባ ነቀርሳ ሞተ። ነጻ ሆኖ የኖረው ዓመት ከአራት ወር እንኳ አይሞላም።

ስኮት ሊሞት በተቃረበበት ወራት አብርሃም ሊንከን በኢሊኖይ ከተሞች እየዞረ ይህን ፍርድ ሲቃወም ነበር። በ1861 የርስ በርስ ጦርነት ተነሣ። መሣሪያ ከያዙ አደጋ ናቸው ከተባሉት ጥቁሮች ወደ 180,000 የሚጠጉት የመንግሥቱን ጠመንጃ ተሸክመው ለአገሪቱ አንድነት ተዋጉ። ጦርነቱ እንዳለቀ፣ በ1865፣ የሚሲሲፒ ግዛት በሠራዊቱ ውስጥ የሌለ ነጻ የወጣ ጥቁር ያለ ፈቃድ ጠመንጃም ጥይትም እንዳይዝ የሚል ሕግ አወጣ። ይህንና ይህን የመሰለውን ለመሻር በ1868 ዐሥራ አራተኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ጸደቀ። በአሜሪካ የተወለደ ወይም ዜግነት የተሰጠው ሁሉ ዜጋ ነው ተባለ፤ የቶኒም ፍርድ ፈረሰ። ሐሪየት እስከ 1876 ስለ ኖረች ይህን ለማየት በቃች።

ማሻሻያው ለዜጎች የሚገባውን ከተናገረ በኋላ፣ እኩል የሕግ ጥበቃን የሚሰጠው ለዜጋ ብቻ ሳይሆን ለማንኛውም ሰው ነው። የ1791ዱ ሁለተኛ ማሻሻያ ደግሞ መሣሪያ የመያዝን መብት የሚሰጠው ለሕዝቡ ነው። ዜጋ፣ ሕዝብ፣ ሰው፤ በሦስቱ ቃላት መካከል ያለው ክፍተት እስከ ዛሬ አልተዘጋም። የፔንሲልቫኒያ ግዛት በ1909 ዜግነት ያልወሰዱ የውጭ ተወላጆች አራዊት እንዳያድኑ፣ ለዚሁም ሲባል ጠመንጃ እንዳይኖራቸው ከለከለ። አንድ ጣሊያናዊ ሠራተኛ ተቀጥቶ ቢከራከርም ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1914 ሕጉን አጸናው። ዛሬ በፌዴራል ሕግ የቋሚ ነዋሪነት ፈቃድ ያለው ሰው እንደ ዜጋ ጠመንጃ ሊገዛ ይችላል። ያለ ሕጋዊ ፈቃድ የሚኖር ሰው ከ1968 ጀምሮ፣ በተማሪነትና በጎብኚነት ቪዛ የገባ ደግሞ ከ1998 ጀምሮ፣ እንደ አደን ፈቃድ ያለ ልዩ ምክንያት ከሌለው ተከልክሏል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2008 መሣሪያ የመያዝ መብት የግለሰብ መብት ነው ካለ ወዲህ፣ የበታች ፍርድ ቤቶች ሕዝቡ የሚለው ቃል ዜጋ ያልሆነውን ያጠቃልላል ወይስ አያጠቃልልም በሚለው ተለያይተዋል።

በአሜሪካ የሚኖሩ ብዙ ወገኖቻችን በእነዚህ መስመሮች በአንዱ ወይም በሌላው ወገን ይገኛሉ። ከኛም ነገ በተማሪ ቪዛ የሚሄድ አለ። ጠመንጃ ብዙ እናት እንዳስለቀሰ እናውቃለንና ሁሉም ይታጠቅ ማለታችን አይደለም። መንግሥት ለአጭር ጊዜ የመጣን እንግዳ ካገር ነዋሪ ለይቶ ቢመለከት ምክንያት ሊኖረው ይችላል። ሕጉ ጥብቅ ቢሆን፣ ወንጀለኛና ጠበኛ ቢከለከል ደግ ነው። ነገር ግን ሚዛኑ የሰውየው ሥራ መሆን ይገባዋል። አስቀድሞ ፈርቶ፣ ፍርሃቱን በሕግ ቋንቋ ጽፎ፣ ከዚያ ሰውየውን ከሰው ቍጥር ማውጣት የቶኒ መንገድ ነው። ያ መንገድ ዛሬ በጠመንጃ ቢጀምር፣ ቶኒ ራሱ እንደ ዘረዘረው፣ ከዚያው ተራ ውስጥ መናገር፣ መሰብሰብና መዘዋወርም አሉበት።

ስኮት ዛሬ በሴንት ሉዊስ በካልቫሪ መቃብር ዐርፏል። ጎብኚዎች የሊንከን ምስል ያለባቸውን ሳንቲሞች በድንጋዩ ላይ ያስቀምጣሉ። ዜጋ አይደለህም ተብሎ ከችሎት የተመለሰው ሰው ነጻነቱን የጠየቀው በጠመንጃ አልነበረም፤ ለዚህ የያዘው ብዕር ነበር፤ በክሱም ላይ ያኖረው የመስቀል ምልክት ነው። እኛ ስማችንን ለመጻፍ የበቃን ተማሪዎች ግን በብዕራችን ምን እንደምናደርግበት ብንጠየቅ መልሳችን ምን ይሆን?