እቴጌ ጣይቱ ብጡል፡ ከሆቴል እስከ ብድር ማኅበር

በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባን የቆረቆሩት እቴጌ ጣይቱ ብጡል ዘመናዊ ትምህርት ቤት ሳይገቡ፣ በቤተ ክህነት ትምህርትና በራሳቸው ጥረት የንግድንና የገንዘብን ሥራ የተረዱ መሪ ነበሩ።

በ1900 ዓ.ም. በስማቸው የሚጠራውን ሆቴል አስከፈቱ። ምግብን በገንዘብ መሸጥ እንደ ነውር ይታይ ስለነበር ደንበኛ እንደ ልብ አልተገኘም፤ መኳንንቱም የለመዱት ቀስ በቀስ ነው።

ይበልጥ የሚደነቀው ግን በገንዘብ ረገድ የወሰዱት እርምጃ ነው። በ1898 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአቢሲኒያ ባንክ የ50 ዓመት የብቸኝነት መብት የተሰጠው ሲሆን፣ የሚተዳደረውም በግብፅ ብሔራዊ ባንክ ሥር ነበር። የአገር ገንዘብ በባዕዳን እጅ ብቻ መዋሉ ያልተዋጠላቸው እቴጌይቱ፣ በ1901 ዓ.ም. ለእርሻና ለንግድ ማስፋፊያ ብድር የሚሰጥ ማኅበር እንዲቋቋም አደረጉ። በቅሬታ ብቻ ከመወሰን ይልቅ ተፎካካሪ ማቆማቸው አስተዋይነታቸውን ያሳያል።

ይሁንና በመጋቢት 1902 ዓ.ም. መኳንንቱ ተባብረው ከመንግሥት ሥራ አገለሏቸው። ከአፄ ምኒልክ ሞት በኋላ በእንጦጦ ማርያም ተቀምጠው የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም. አረፉ። የአቢሲኒያ ባንክ በመንግሥት ተገዝቶ የኢትዮጵያ ባንክ የተባለው ከዚያ 13 ዓመት ቆይቶ፣ በ1923 ዓ.ም. ነው።