ነቢዩ ዩኑስ (ዐ.ሰ.) እና የነነዌ ሰዎች ተውበት

ጌዶ ከአምቦና ከጉደር አልፎ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ብርዳም ከተማ ናት። ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ከሁዳዴ ቀደም ብለው፣ ከሰኞ እስከ ረቡዕ፣ የነነዌን ጾም ይጾማሉ። ዘንድሮ በዚያው ሰሞን ሱቄ ድረስ ሽማግሌዎች መጡብኝ። የላካቸው ቀድሞ የእህል ንግድ ሸሪኬ የነበረና ገንዘቤን የካደኝ ሰው ነው። ጥፋቱን አምኗል፤ ያለውን ሊከፍል፣ የቀረውን ልተውለት ይለምናል። እኔ ግን ለዓመታት በሱጁድ ሳይቀር ስረግመው የኖርኩት ሰው ቅጣቱን ሳያይ ይቅር መባሉ ከበደኝና መለስኳቸው። ያን ዕለት ማታ የነቢዩ ዩኑስን (ዐ.ሰ.) ታሪክ እንደገና ማንበብ ጀመርኩ።

ውድ አንባቢያን፣ በዕብራውያን መጻሕፍት ዮናስ የአማቴ ልጅ የሚባሉት እሳቸው ናቸው። አገራቸው ጋትሔፍር ሲሆን ዘመኑ የንጉሥ ኢዮርብዓም ዳግማዊ፣ ማለትም ከነቢዩ ዒሳ (ዐ.ሰ.) መወለድ በፊት 8ኛው መቶ ዓመት ነው። የተላኩባት ነነዌ በዲጅላ (ጤግሮስ) ወንዝ ዳር፣ ከዛሬዋ ሞሱል አጠገብ የነበረች የአሦራውያን ከተማ ናት። አሦር ደግሞ ለዕብራውያን የምታስፈራ ጠላት ነበረች፤ በ722 ዓመተ ዓለም ገደማም የሰሜኑን መንግሥታቸውን አጥፍታለች።

የዕብራውያኑ መጽሐፍ ነቢዩ ገና ሲታዘዙ በመርከብ እንደሸሹ ይናገራል። ብዙዎቹ ሙፈሲሮቻችን ግን አስተምረው እምቢ ሲሏቸው ተቆጥተው፣ ፈቃድ ሳይጠብቁ እንደሄዱ ይተርካሉ። ዕጣው፣ ባሕሩና ዓሣው በሁለቱም ዘንድ አሉ። በዚያ ጨለማ ውስጥ ያደረጉትን ዱዓ ዛሬም በጭንቅ ጊዜ የማይለው ሙስሊም የለም።

እኔን ያስቆመኝ ግን የከተማው ሰዎች ሥራ ነው። የተሰጣቸው ጊዜ በዕብራይስጡ 40፣ በጥንቱ የግሪክ ትርጉም 3 ቀን ነው። ንጉሡ ከዙፋኑ ወርዶ አመድ ላይ ተቀመጠ፤ ከብቱ ሳይቀር ከሣርና ከውኃ ተከለከለ። ሙፈሲሮች ከኢብን መስዑድ (ረ.ዐ.) ባስተላለፉት ዘገባ፣ ሰዎቹ የተበዳይን ሐቅ ሲመልሱ የቀሙትን ድንጋይ ከቤታቸው መሠረት ሥር ሳይቀር እየነቀሉ ለባለቤቱ ይሰጡ ነበር። የአይሁድ ሊቃውንትም በታልሙድ ውስጥ ስለተሰረቀ ምሰሶ ተመሳሳይ ነገር ተናግረዋል፤ ቤቱ ፈርሶ ምሰሶው ይመለሳል። እንዲህ ያለ ተውበት ሐቅን በጁ ይዞ የሚያለቅስ ሰው ተውበት አይደለም። ቅጣቱም ተነሣላቸው። ቁርኣን በሱረቱ ዩኑስ ቅጣት ከቀረበ በኋላ እምነቷ የጠቀማት ከተማ እነርሱ ብቻ እንደሆኑ ያወሳል።

በዕብራውያኑ ትረካ የነነዌ መዳን ነቢዩን አስቆጣቸው። ከከተማው በስተምሥራቅ ተቀምጠው ሲጠብቁ ጥላ የሆነቻቸው ቅል በቀለች፤ በማግሥቱ በትል ተበልታ ደረቀች፤ ለእርሷም አዘኑ። ያን ጊዜ አምላካቸው ስለ ቅሏና ከ120 ሺህ በላይ ሰው ስላለባት ከተማ ጠየቃቸው። መጽሐፉ በዚሁ ጥያቄ ያልቃል፤ መልሳቸው አልተጻፈም። (በቁርኣን ቅሏ የበቀለችው ከዓሣው ሆድ ታመው ሲወጡ ነው፤ የሕዝቡም ቁጥር መቶ ሺህ ወይም ከዚያ በላይ ነው።) ነቢያትን በክፉ ማንሳት አይገባንምና ቁጣቸውን የማወሳው እሳቸውን ለመንቀፍ ሳይሆን የራሴን ስላየሁበት ነው።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በጣኢፍ በድንጋይ ተደብድበው በአንድ የአትክልት ቦታ ባረፉ ጊዜ ወይን ያቀረበላቸው ዐዳስ የተባለ ክርስቲያን ባሪያ ነበር። የነነዌ ሰው መሆኑን ሲነግራቸው ዩኑስን ወንድሜ ብለው አነሱለት። በዚያው ጉዞ የተራሮቹ መልአክ ያሳደዷቸውን ሰዎች ላጥፋ ቢላቸው፣ ከልጆቻቸው አላህን የሚገዛ ይወጣ ይሆናል ብለው አልፈቀዱም።

ሽማግሌዎቹ ተመልሰው ለመጪው እሑድ ቀጥረውኛል። የብድሩ ወረቀት አሁንም ሣጥኔ ውስጥ ነው። ከሱብሒ ሶላት በኋላ ያን ሰው መርገሙን ግን ካቆምኩ ሁለት ሳምንት ሆነኝ።