የሠዓሊው የአልበርት ናማትጂራ የሕይወት ታሪክ

በትምህርት ቤት መጽሔቶች ላይ የታላላቅ ሰዎች ታሪክ ሲጻፍ የነገሥታትና የጦር መሪዎች ታሪክ እንደሚበዛ ስላየሁ፥ እኔ በብሩሽና በውኃ ቀለም ስሙን ስላስጠራው ስለ አውስትራልያዊው ሠዓሊ ስለ አልበርት ናማትጂራ ጥቂት ለማውሳት ወደድሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

አልበርት በ1902 ዓ.ም. በመካከለኛው አውስትራልያ፥ ሄርማንስበርግ በተባለው የሉተራን ሚሲዮን ተወለደ። ወገኑ አራንዳ ከሚባሉት የአገሩ ቀደምት ነዋሪዎች ነው። ወላጆቹ ክርስትና ሲነሡ እርሱም ተጠምቆ አልበርት ተባለ። በሚሲዮኑ ትምህርት ቤት ፊደል ቈጠረ፤ 13 ዓመት ሲሆነው ደግሞ ሽማግሌዎች የአባቶቹን ሕግና ሥርዓት አስተማሩት። ካደገ በኋላ ግመል ነጂ፥ ብረት ቀጥቃጭ፥ አናጢና ከብት ጠባቂ ሆኖ ሠርቷል።

በ1934 ሬክስ ባተርቢና ጆን ጋርድነር የተባሉ ሁለት ነጭ ሠዓልያን ሥዕሎቻቸውን በሚሲዮኑ አሳዩ። አልበርት የሚያውቃቸውን ተራሮች በወረቀት ላይ ባየ ጊዜ እኔም ይህን ልሠራ እችላለሁ ብሎ ቈረጠ። በ1936 ባተርቢ ሲመለስ አልበርት ግመሎቹን ሊነዳለት፥ ባተርቢም በምትኩ የቀለም አያያዝ ሊያሳየው ተስማሙ። ትምህርቱ በሁለት ጉዞ ሁለት ወር ያህል ብቻ ነበር። የውኃ ቀለም እየፈሰሰ እንዴት እንደሚያስቸግር የሞከረው ያውቀዋል፤ ስለዚህ ነገሩ እጅግ ያስደንቀኛል። በ1938 በሜልበርን ከተማ ባሳየው ኤግዚቢሽን 41 ሥዕሎቹ በሦስት ቀን ውስጥ ተሸጠው አለቁ።

ይሥል የነበረው ቀያዮቹን የማክዶኔል ተራሮችና ግንዳቸው ነጭ የሆነ የባሕር ዛፍ ዘመዶችን ነው። (ባሕር ዛፍ ወደ አገራችን የመጣው ከአውስትራልያ መሆኑን አንባቢ ያስታውሳል።) አንዳንድ የሥነ ጥበብ ዐዋቂዎች የነጮችን አሣሣል ቀድቷል እያሉ ነቀፉት። በእኔ አስተያየት ግን ነቀፋው ትክክል አይደለም። በአራንዳዎች ዘንድ እያንዳንዱ ተራራና ወንዝ የቀደሙት አባቶች ታሪክ አለበት፤ ስለዚህ አልበርት በተዋሰው ብሩሽ የሣለው የገዛ ርስቱን ነበር።

ነጮቹ ሥዕሉን ወደዱት፤ ሠዓሊውን ግን ሕጋቸው እንደ ሙሉ ሰው አልቈጠረውም። በ1954 በካንቤራ ከንግሥት ዳግማዊት ኤልሳቤጥ ፊት ቀርቧል። ይሁን እንጂ ከዚያ ቀደም ለከብት ማርቢያ መሬት ጠይቆ ተከልክሏል፤ በአሊስ ስፕሪንግስ ከተማም ቤት ለመሥራት ቢያስብ አልተፈቀደለትም። የገቢ ግብር ሲጠየቅ ግን ማንም አልተወውም! ስሙ በመላው አውስትራልያ እየተጠራ፥ እርሱ ከከተማው ዳር በደሳሳ ሰፈር ይኖር ነበር።

በ1957 ለእርሱና ለሚስቱ ለሩቢና የዜግነት መብት ተሰጣቸው፤ ለልጆቹና ለዘመዶቹ ግን አልተሰጠም። ዜጋ መጠጥ ገዝቶ መጠጣት ይችል ነበር፤ ዜጋ ላልሆነ ዘመዱ ማካፈል ግን ወንጀል ነበር። በወገኖቹ ልማድ ደግሞ ያለውን ያላካፈለ ሰው እንደ ነውረኛ ይቈጠራል። አንዱን ሕግ ቢጠብቅ ሌላውን ማፍረሱ የማይቀር ነበር። በ1958 ለዘመዱ መጠጥ ሰጥተሃል ተብሎ የስድስት ወር እስራት ተፈረደበት። ብዙ ሰዎች፥ ነጮችም ጭምር፥ ተቈጥተው ስለ ጮኹለት ፍርዱ ወደ ሦስት ወር ዝቅ አለ፤ ሁለት ወር ያህልም ፓፑንያ በተባለ ስፍራ በግዞት ተቀመጠ። ከተፈታ በኋላ ልቡ ተሰብሮ ብዙ አልሠራም፤ ነሐሴ 8 ቀን 1959 በ57 ዓመቱ አረፈ።

ከሞተ በኋላ በ1983 የሥዕሎቹ የባለቤትነት መብት ቤተ ሰቡ ሳይጠየቅ በ8,500 ዶላር ተሸጠ። በ2017 ግን ከብዙ ክርክር በኋላ መብቱ በአንድ ዶላር ለቤተ ሰቡ ማኅበር ተመለሰ። የልጅ ልጆቹም በአሊስ ስፕሪንግስ በውኃ ቀለም እነዚያኑ ተራሮች ይሥላሉ።