ፓውል ኤርሊኽ እና ዒላማውን ለይቶ የሚመታው የጡት ካንሰር መድኃኒት

ጀርመናዊው ሐኪም ፓውል ኤርሊኽ እ.ኤ.አ. በ1854 ዛሬ በፖላንድ ውስጥ በምትገኘው በስትሬለን ከተማ ተወለዱ። በተማሪነት ዘመናቸው ትኩረታቸውን የሳበው የጨርቅ ማቅለሚያ ነበር። አንድ ማቅለሚያ አንዱን ሕዋስ አቅልሞ ሌላውን ሳይነካ እንደሚያልፍ አስተውለው፣ እ.ኤ.አ. በ1878 የዶክትሬት ጽሑፋቸውን በዚሁ ጉዳይ ላይ አቀረቡ። ማቅለሚያ ሕዋስን መርጦ የሚይዝ ከሆነ፣ መድኃኒትም ጤነኛውን አካል ትቶ በሽታውን ብቻ ሊመታ ይችላል የሚለው ሐሳብ የዕድሜ ልክ መመሪያቸው ሆነ።

ኤርሊኽ የሳንባ ነቀርሳ ይዟቸው ለማገገም ወደ ግብፅ ተጉዘው ነበር። ከተመለሱ በኋላ የዲፍቴሪያ ሴረም ኃይል የሚለካበትን ስልት አበጁ፤ ሰውነት በሽታን ለመዋጋት የሚያመነጫቸውን አንቲቦዲዎችም አጠኑ። በበሽታ መከላከል አቅም ላይ ላደረጉት ምርምር እ.ኤ.አ. በ1908 የኖቤል ሽልማትን ከኢሊያ ሜችኒኮቭ ጋር ተጋሩ። በቀጣዩ ዓመት ከጃፓናዊው ሳሃቺሮ ሃታ ጋር፣ 606 የተባለው ቅመም የቂጥኝን ተሕዋስ እንደሚያጠፋ አረጋገጡ። በካንሰር ረገድም የአይጥ ጡት ዕጢዎችን ለዓመታት መርምረዋል፤ ሆኖም ፈውሱን ሳያገኙ እ.ኤ.አ. በ1915 አረፉ።

የጀመሩት መንገድ ግን አልተቋረጠም። ኸር-ቱ የተባለው ፕሮቲን የሚበዛበት የጡት ካንሰር በፍጥነት የማደግ ባሕርይ አለው። ትራስቱዙማብ የተሰኘው አንቲቦዲ ይህንኑ ፕሮቲን ለይቶ በመያዝ የካንሰሩን ዕድገት ይገታል። መድኃኒቱ እ.ኤ.አ. በ1998 በአሜሪካ ፈቃድ አገኘ፤ በ2015ም በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ተካተተ። የሚጠቅመው ግን ፕሮቲኑ ለበዛባቸው ታካሚዎች ነው። ይህም የሚለየው ከዕጢው የተወሰደ ናሙና በአንቲቦዲ አማካይነት ቀለም እንዲይዝ ተደርጎ ሲመረመር ነው። ኤርሊኽ የደከሙባቸው ማቅለሚያና አንቲቦዲ በዚህ ምርመራ ላይ ተገናኝተዋል።

ስለሆነም በሚዛን ተፈሪ፣ በቴፒና በአካባቢው የቡና ቀበሌዎች የምትኖሩ ወገኖች፣ በጡት ላይ ባያምም እንኳ ጠጠር ያለ እብጠት፣ የቆዳ መሰርጎድ ወይም ከጡት ጫፍ የሚወጣ ደም ስታዩ፣ የቡና ለቀማው እስኪያበቃ ሳትጠብቁ በአቅራቢያችሁ ወዳለው ጤና ጣቢያ ሂዱ። ናሙና መስጠት በሽታውን ያዛምታል በሚል ሥጋት ምርመራውን አትተዉ፤ ያለ ናሙና ተገቢውን መድኃኒት መምረጥ አይቻልም። ወደ ከፍተኛ ሆስፒታል ሪፈር ስትባሉም የናሙናውን ውጤት ከሪፈር ወረቀቱ ጋር ይዛችሁ መቅረባችሁ ሕክምናው ሳይዘገይ እንዲጀመር ይረዳል።