ሩፈይዳ አል-አስለሚያህ (ረ.ዐ)፦ በመስጂድ ውስጥ ድንኳን የተከለችው ሐኪም

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

በየዓመቱ የዓለም የነርሶች ቀን ሲከበር የፍሎረንስ ናይቲንጌል ስም ይነሳል። ቀኑም የተወለደችበት ዕለት ነው። በ1854 እ.ኤ.አ. በክራይሚያ ጦርነት የቆሰሉትን ለመንከባከብ ወደ ኢስታንቡል የተጓዘች ሴት ናትና ክብሩ ይገባታል። ሆኖም ከእርሷ ከ1200 ዓመታት በላይ ቀድማ በመዲና ከተማ ቁስለኞችን ታክም የነበረች ሌላ ሴት እንደነበረች ከመካከላችን ስንቶቻችን እናውቃለን? ዛሬ የምናወሳት ይህችን ሰሐቢያ ነው።

ሩፈይዳ (ረ.ዐ) የአስለም ጎሳ ተወላጅ ስትሆን እስልምናን ተቀብላ በመዲና ትኖር ነበር። የሕክምናን ሙያ ከአባቷ ከሰዕድ እንደተማረች፣ ሌሎች ሴቶችንም እንዳሰለጠነች ይተረካል። ኢብኑ ኢስሓቅ እንደዘገቡት ቁስለኞችን ታክም ነበር፤ ጠያቂና አስታማሚ የሌላቸውንም ሙስሊሞች ከአላህ ምንዳን በመፈለግ በራሷ ፈቃድ ታገለግል ነበር። የምታክምበት ድንኳን የተተከለውም በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መስጂድ ውስጥ ነበር።

በዚህ ሥራ ብቻዋን አልነበረችም። ኡሙ ዐጢያ (ረ.ዐ) በሰባት ዘመቻዎች ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጋር ወጥታ ምግብ አዘጋጅታለች፤ ቁስለኞችንም አክማለች። ሩበይዕ ቢንት ሙዐዊዝ (ረ.ዐ) ከሌሎች ሴቶች ጋር ውሃ ታጠጣ፣ የቆሰሉትንና የተገደሉትንም ወደ መዲና ታደርስ ነበር። በኡሁድ ዕለት የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ፊት ቆስሎ ደሙ አልቆም ባለ ጊዜ ልጃቸው ፋጢማ (ረ.ዐ) የሰሌን ቁራጭ አቃጥላ አመዱን ቁስሉ ላይ በማድረግ ደሙን አቁማለች።

የሩፈይዳን ስም በታሪክ ያተመው ግን በ5ኛው ዓመተ ሂጅራ (627 እ.ኤ.አ.) የተካሄደው የኸንደቅ ዘመቻ ነው። መዲና በአሕዛብ ጦር ተከባ ሳለ የአውስ ጎሳ መሪ የነበረው ሰዕድ ኢብኑ ሙዓዝ (ረ.ዐ) ክንዱን በቀስት ተመታ፤ ዋናው የደም ሥሩም ተቆረጠ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ደሙን ለማቆም ቁስሉን በእሳት ተኮሱት፤ ሲያብጥም ደግመው ተኮሱት። ከዚያም ሰዕድ ወደ ሩፈይዳ ድንኳን እንዲወሰድ አዘዙ። ምክንያቱም ግልጽ ነበር፤ በቅርብ ሆነው ሊጠይቁት ፈልገው ነው። በጠዋትም በማታም በድንኳኑ በኩል ሲያልፉ እንዴት እንዳደረና እንዴት እንደዋለ ይጠይቁት፣ እርሱም ያለበትን ሁኔታ ይነግራቸው ነበር።

እስቲ ይህንን ልብ እንበል። ከተማዋ በአደጋ ላይ ናት። ነገር ግን ቁስለኛ የሚወሰድበት ቦታ አስቀድሞ ይታወቃል። የሚያክመው ሰው ማን እንደሆነ ይታወቃል። ቦታው ሰው ሁሉ በቀን አምስት ጊዜ የሚመጣበት መስጂድ በመሆኑ በሽተኛው አይረሳም፤ ሁኔታውም በየዕለቱ ይጠየቃል። ዛሬ በሆስፒታል ነርሶች በየፈረቃው የበሽተኛውን ሁኔታ የሚከታተሉበት ሥርዓት ዓላማው ከዚህ አይለይም።

ሰዕድ (ረ.ዐ) ግን አልዳነም። ቁስሉ ዳግም ተከፍቶ ደሙ ወደ ጎረቤቱ የበኑ ጊፋር ድንኳን እስኪፈስ ድረስ ማንም አላወቀም ነበር፤ በዚያው ቁስል ሸሂድ ሆነ። የሩፈይዳ ታዋቂው በሽተኛ በእጇ ላይ ሞተ ማለት ነው። ይሁን እንጂ በዚህ የነቀፋት አንድም ሰው አልተዘገበም። ሰበቡን ማድረስ የእርሷ ግዴታ ነበር፤ ውጤቱ የአላህ ነው።

በ7ኛው ዓመተ ሂጅራም በኸይበር ዘመቻ እንደተሳተፈች፣ ከምርኮውም እንደ አንድ ተዋጊ ወንድ ድርሻ እንደተሰጣት ይነገራል። ኢብኑ ሰዕድ የድንኳኑንና የኸይበርን ታሪክ የመዘገቡት ኩዐይባ ቢንት ሰዕድ በሚል ስም ሲሆን ሁለቱ ስሞች የአንዲት ሴት ናቸው የሚሉ አሉ።

ታዲያ ከዚህ ታሪክ ምን እንውሰድ? አስተማሪ በነበርንበት ጊዜ አንድ ተማሪ በክፍል ውስጥ የሚጥል በሽታ ተነስቶበት ወደቀ። ገሚሱ ክብሪት ለኩሶ ለማሽተት ሮጠ፤ ገሚሱ ጥርሱን በማንኪያ ለማላቀቅ ታገለ፤ እኛም አስተማሪው ቆመን ከማየት በቀር ያደረግነው አልነበረም። ልጁ በአላህ ፈቃድ ተረፈ። በኋላ ከአንዲት ነርስ እንደተረዳነው ግን ያ ሁሉ ሩጫ ሊጎዳው የሚችል ነበር። ማድረግ የነበረብን ቀላል ነው፦ የሚያቆስለውን ነገር ከአካባቢው ማራቅ፣ አለመያዝና አለማስጨነቅ፣ አፉ ውስጥ ምንም አለመክተት፣ ሲረጋጋ በጎኑ ማስተኛት፣ ከ5 ደቂቃ ካለፈም በፍጥነት ወደ ሕክምና ማድረስ።

በቅን ልብ ተነስተን ባለማወቅ እንዳንጎዳ ዕውቀት ያስፈልጋል። በረመዳን ተራዊሕ ላይ፣ በዒድ ሰላት ላይ፣ በጁሙዓ መጨናነቅ ውስጥ ሰው ሲወድቅ ምን እንደሚደረግ የሚያውቁ ስንት ወንድሞችና እህቶች በመስጂዳችን አሉ? በየጀመዓችን ነርሶችና ሐኪሞች አሉን። ከቁርኣን ቂርኣት ጎን በወር አንድ ቀን ደም ማቆምን፣ የተሰበረን አጥንት መደገፍን፣ የተቃጠለን አካል በንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ማብረድን እንዲያስተምሩን ብንጠይቃቸው ቢድዓ አናመጣም። የሩፈይዳ ድንኳን የነበረው መስጂድ ውስጥ ነው።

ሴት ልጇ ነርስ መሆን እፈልጋለሁ ያለቻት እናትም ይህን ታሪክ ትንገራት። አላህ ሩፈይዳን ይውደድላት፤ በሽተኞችን በሌሊት ተነስተው የሚያገለግሉትን ሁሉ ምንዳቸውን ያብዛላቸው፤ እኛንም ከመጥቀማችን በፊት የምናውቅ ያድርገን። ኣሚን።