ለገላ ትጥበት ወርደው ከተማ የቆረቆሩት እቴጌ

በአዲስ አበባ ልደታ ክፍለ ከተማ፣ በአብነት ሰፈርና በአካባቢው መንገድ ዳር ከሚታዩት ንግድ ቤቶች መካከል የውበት ሳሎኖች ይገኙበታል። ፊት በእንፋሎት ይታጠናል፤ ቆዳ በቅባት ይለሰልሳል፤ የደከመ ትከሻ በእጅ ይታሻል። አገልግሎቱ ዘመን አመጣሽ ቢመስልም፣ ገላን በሙቅ ውኃ ማፍታታትና ቆዳን መንከባከብ ለዚህች ከተማ ባዕድ አይደለም። ከአብነት በስተምሥራቅ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቆ ከመሬት የሚፈልቀው ሙቅ ውኃ የከተማዋ መነሻ ነውና። ወደዚያ ውኃ ወርደው ታሪክ የቀየሩት ደግሞ እቴጌ ጣይቱ ብጡል ናቸው።

ጣይቱ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ገደማ በበጌምድር ተወለዱ። አባታቸው ራስ ብጡል ኃይለ ማርያም፣ ወንድማቸው ደግሞ ራስ ወሌ ብጡል ናቸው። ዘራቸው ከሰሜንና ከየጁ መሳፍንት ይመዘዛል። ሴት ልጅ ፊደል መቁጠር ብርቅ በነበረበት ዘመን ማንበብና መጻፍ የተማሩ፣ ግእዝ የሚያውቁ፣ በገና የሚደረድሩና ሰንጠረዥ የሚጫወቱ ሴት ነበሩ። በ1875 ዓ.ም በአንኮበር መድኃኔ ዓለም ከሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ጋር በቁርባን ተጋቡ።

በዚያ ዘመን የንጉሡ መቀመጫ እንጦጦ ነበር። ተራራው ወደ 3 ሺህ ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛል። ለጦር ምሽግነት የተመቸ ነው፤ ለኑሮ ግን ይከብዳል። ነፋሱ ያንገበግባል፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ የማገዶ እንጨቱም እየራቀ ሄደ። ደጋ የኖረ ገበሬ እንደሚያውቀው፣ እንዲህ ያለ ብርድ የእጅን ቆዳ ይሰነጥቃል፤ ከንፈርን ያደርቃል፤ መገጣጠሚያን ይይዛል።

ከተራራው ግርጌ ያለው ሜዳ ግን ሌላ ነው። የአካባቢው የኦሮሞ ሕዝብ ፊንፊኔ የሚለው፣ በአማርኛ ፍልውኃ የተባለው ምንጭ በዚያ ይፈልቃል። ነዋሪው ሕዝብ ምንጩን ያወቀውና የተጠቀመበት ቤተ መንግሥት ሳይመጣ በፊት ነው። ንጉሡና ጣይቱም ከነባለሟሎቻቸው ከእንጦጦ እየወረዱ፣ በፍልውኃ ዙሪያ ድንኳን ተክለው መታጠብ ጀመሩ።

የውኃው ጥቅም ለመረዳት አይከብድም። ሙቀት የደም ሥርን ያሰፋል፤ የጠነከረ ጡንቻን ያላላል፤ የሞተውን የላይኛውን ቆዳ አለስልሶ በቀላሉ እንዲለቅ ያደርጋል። ውኃው ከምንጩ ሲወጣ እጅግ ስለሚያቃጥል፣ ቀዝቀዝ ሳይል ለገላ አይሆንም። ብዙ ከተቆየበት ደግሞ የቆዳን ወዝ ይወስዳል። ሙቅ ውኃ ወይም ጭስ የነካው ገላ ቅቤ ወይም ቅባት የሚፈልገውም ለዚህ ነው። የገጠር እናቶች ወይባ ሲሞቁ፣ እጃቸውንና እግራቸውን እንሶስላ ሲያስሩ፣ ወጌሻም የተያዘን ጅማት በቅቤ ሲያሽ የሚከተሉት ይህንኑ ከልምድ የተገኘ እውቀት ነው።

ጣይቱ ያኔ የሸዋው ንጉሥ ባለቤት እንጂ ገና እቴጌ አልነበሩም። በ1879 ዓ.ም የሜዳውን አየርና የውኃውን ፈውስ ወደው፣ በምንጩ አቅራቢያ ቤት እንዲሠራላቸው ባለቤታቸውን ጠየቁ። ምኒልክም ፈቀዱ። ንጉሡ ወደ ሐረር በዘመቱበት ጊዜ የቤቱ ሥራ ቀጠለ። ሠፈሩን አዲስ አበባ ብለው የሰየሙትም ጣይቱ ናቸው። መኳንንቱ በየኮረብታው ቦታ እየተሰጣቸው ሠፈሩ፤ ድንኳኑ በጎጆ፣ ጎጆው በአዳራሽ ተተካ። ለጌቶች ማረፊያ የሆነው ሜዳ ግን የሌሎች መኖሪያና የከብት ግጦሽ ነበር። ከተማው በሰፋ ቁጥር ነባሩ ሕዝብ ከመሬቱ ርቋል፤ የከተማዋ ታሪክ ሲነገር ይህም አብሮ ሊነገር ይገባል።

ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም በእንጦጦ ማርያም ንጉሠ ነገሥት ሆነው ሲነግሡ፣ ጣይቱ ከሁለት ቀን በኋላ የእቴጌነት ዘውድ ደፉ። ብርሃን ዘኢትዮጵያም ተባሉ። የውጫሌ ውል ክርክር ሲነሣ፣ ለጣሊያን አንዳች እንዳይለቀቅ አጥብቀው ከቆሙት ዋነኛዋ እርሳቸው ነበሩ።

የውኃን ዋጋ የሚያውቁት እቴጌ በጦር ሜዳም ውኃን መሣሪያ አደረጉት። በ1888 ዓ.ም መቀሌ ላይ የጣሊያን ጦር በእንዳ ኢየሱስ ምሽግ በመሸገ ጊዜ፣ የምሽጉ የውኃ ምንጭ እንዲያዝ መከሩ። ምንጩ ተያዘ፤ ምሽጉም በውኃ ጥም ተፈትቶ ተለቀቀ። የካቲት 23 ቀን በዓድዋ ደግሞ ሴቶችን አሰልፈው ለተዋጊውና ለቁስለኛው ውኃ አስቀዱ። ከድሉ በኋላ በመዲናዪቱ የመጀመሪያ የሆነውን ሆቴል አቋቋሙ፤ ዛሬም በስማቸው ይጠራል።

ውኃ ያልፈታው ችግር ግን ወደ ቤታቸው ገባ። ንጉሠ ነገሥቱ በተደጋጋሚ በሽታ ተመትተው አንደበታቸውና ሰውነታቸው ደከመ። ሐኪምም ጸበልም ተሞከረ፤ እስከ ደብረ ሊባኖስም ተኬደ። ፈውስ ግን አልተገኘም። እቴጌዪቱ በሽተኛውን ያስታምማሉ፤ መንግሥቱንም ይመራሉ። ሹመትና ሽረቱ በእጃቸው መግባቱ ያሠጋቸው መኳንንት መጋቢት 1902 ዓ.ም ላይ ተማክረው ከሥልጣን አገለሏቸው፤ ከአስታማሚነት በቀር ሌላ ሥራ እንዳይኖራቸው ወሰኑ። እርሳቸውም ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም ምኒልክ እስኪያርፉ ድረስ ከአልጋው አጠገብ አልተለዩም።

ከዚያ በኋላ ቤተ መንግሥቱን ለቀው ወደ እንጦጦ ወጡ። ለገላቸው ምቾት ሲሉ የተዉት ብርዳማ ተራራ በእርጅናቸው ተቀበላቸው። ከእንጦጦ ማርያም ደጅ ቁልቁል ሲታይ እርሳቸው የሰየሟት ከተማ ከሥር ተዘርግታለች፤ ፍልውኃም በመካከሏ ይፈልቃል። የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም በዚሁ ኑሮ ሳሉ ዐረፉ። ዛሬ ዐፅማቸው በአዲስ አበባ በበዓታ ለማርያም ገዳም ከባለቤታቸው አጠገብ አርፏል።

ገላን መጠበቅ ለብዙዎች ከንቱ ቅንጦት ይመስላቸዋል። የእቴጌ ጣይቱ ሕይወት ግን ሌላ ያሳያል። ከብርድና ከድካም ለማረፍ የወረዱባት ምንጭ የአገር መዲና ወለደች፤ አገርን ያገለገለው ጉልበትም እንክብካቤ የሚሻ የሰው ገላ ነበር። አብነት ማለት አርአያ ማለት ነው። ከእርሻ ውሎ በኋላ እግሩን በሙቅ ውኃ የሚነክር ገበሬም፣ በአብነት ሰፈር ትከሻዋን የምታሳሽ ሠራተኛም የዚያች ሴት አብነት አላቸው።