ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ፦ ድምፃቸው ለትውልድ የተረፈው ባለቅኔ

በሸክላ በመቀረጽ ቀዳሚ የሆነው የኢትዮጵያ ዘፈን የነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ነው። ዘመኑ እ.ኤ.አ. ከ1908 እስከ 1910 ያሉት ዓመታት፣ ስፍራውም ጀርመን ነበር። በዚያ ዘመን የድምፅን መጠን ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ቁልፍ አልነበረም። ይሁን እንጂ ዜማቸው ዛሬም ይደመጣል።

ነጋድራስ ተሰማ በ1869 ዓ.ም. በምንጃር ተወለዱ። ያደጉትም በዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ጥላ ሥር ነው። በዚያም በግጥም ችሎታቸው፣ በተለይም ሰምና ወርቅን አጣምሮ በያዘው አነጋገራቸው ስመ ጥር ሆኑ። አውቶሞቢል ለአገሪቱ እንግዳ በነበረበት በዚያ ዘመን፣ ንጉሠ ነገሥቱ የሞተርን ሙያ እንዲማሩ ወደ ጀርመን ላኳቸው። ለሞተር ትምህርት ሄደው ከአሥር የሚበልጡ የዘፈን ሸክላዎችንም ለታሪክ አተረፉ።

የዚያ ዘመን የሸክላ ቀረጻ ኤሌክትሪክ አልነበረውም። ዘፋኙ በትልቅ የቆርቆሮ ጡሩምባ አፍ ፊት ቆሞ ይዘፍናል። ድምፁ በጡሩምባው ጫፍ ያለችውን ስስ ሽፋን ያንቀጠቅጣል፤ ከእርሷ ጋር የተያያዘችው መርፌም በሚሽከረከር ሰም ላይ መስመር ትቀርጻለች። ድምፁ ከመጠን በላይ ሲበረታ መርፌዋ ከመስመሯ ትወጣና ሰሙ ይበላሻል። እጅግ ሲደክም ደግሞ ዜማው በመርፌዋ ፉጨት ውስጥ ይሰጥማል። ስለዚህ መጠኑን የሚወስነው ርቀት ብቻ ነበር። ዘፋኙ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ወደኋላ ይላል፣ ሲያለሳልስ ይጠጋል። እንደ ማሲንቆ ያለ ለስላሳ ድምፅ ያለው መሣሪያም በጡሩምባው አጠገብ ይደረጋል። የተበላሸን ሰም ማቃናት ስለማይቻል፣ ሥራው እንደገና ከመጀመሪያው ይጀመር ነበር። የኤሌክትሪክ ማይክሮፎን የሸክላ ቀረጻን የለወጠው ኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1925 ነው።

ነጋድራስ ተሰማ ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ የልጅ ኢያሱ ባለሟል ሆኑ። በአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንትነት የሚታወቁት ይድነቃቸው ተሰማም ልጃቸው ናቸው። ባለቅኔው በ1957 ዓ.ም. አረፉ። ከቀረጻው አንድ መቶ ዓመት ገደማ በኋላ፣ የቀድሞዎቹ ሸክላዎች ድምፅ በኢትዮፒክስ ተከታታይ ሥራ 27ኛ ቅጽ ሆኖ ለአድማጭ ቀረበ።

የነጋድራስ ተሰማ ዜማ ለዛሬ የደረሰው አስቀድሞ በአግባቡ ስለተቀረጸ ነው። ጉዳዩ ለጋምቤላ ክልልም ቅርብ ነው። በአቦቦ ወረዳ የአኙዋ አረጋውያን የሚያውቁት ዜማና ተረት ብዙ ነው፤ ካሜራና ስልክ የያዘ ወጣትም አይታጣም። ይሁንና በጣት የሚመታው ቶም ድምፁ ለስላሳ፣ የከበሮው ድምፅ ግን ብርቱ ነው። አንዱን የሚያሰማ መጠን ሌላውን ሊያበላሽ ይችላል።

በዛሬው ቪዲዮ ካሜራ የመርፌዋን ቦታ የያዘው የድምፅ መለኪያው ነው። መለኪያው ዜሮ ዴሲቤል ሲደርስ ድምፁ ይቆራረጣል፤ የተቆራረጠውን መልሶ ማቃናት አዳጋች ነው። ስለሆነም ከቀረጻው በፊት ዘፋኙ ከሁሉ የሚበረታውን ክፍል እንዲያሰማ ይደረግና፣ ከፍተኛው ድምፅ ከዜሮ በታች 12 ዴሲቤል ገደማ ላይ እንዲቆም መጠኑ ይስተካከላል። ካሜራው መጠኑን በራሱ እንዲወስን ከተተወ፣ ተናጋሪው ዝም ባለ ቁጥር የነፋሱንና የሞተሩን ድምፅ ከፍ ያደርጋል። ስለዚህ የሚቻል ከሆነ ይህ አሠራር ይጠፋል፤ በጆሮ ማዳመጫም እየተደመጠ ይቀረጻል። ስልክ ብቻ ያለው ሰው ደግሞ የጥንቱን ዘዴ ይከተላል፦ ለቶሙ ይጠጋል፣ ከከበሮው ይርቃል።

ሽማግሌው ካለፉ በኋላ እንደገና ማስዘፈን አይቻልም። የነጋድራስ ተሰማ ሸክላዎች የሚያስተምሩትም ይህንኑ ነው፤ ለልጅ ልጅ የሚደርሰው ድምፅ በተቀረጸበት ሰዓት ጥንቃቄ የተደረገለት ነው።